ለልጅቷ የትኛውን ራእይ እንስጣት? ምስጢራዊ ልብወለድ ለሚጽፉ የንጽጽር መመሪያ

አንዲት የ16 ዓመት ልጅ አለች እንበል። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሒሳብ መምህሯን ትሰማለች። ድንገት ሰሌዳው ይጠፋባትና የጎረቤታቸው የእትዬ አልማዝ ጓዳ ይታያታል። ምድጃው ጠፍቷል። መሬቱ ላይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ተገልብጧል። ከዚያ ሰሌዳው ይመለሳል። መምህሩ ስሟን እየጠራ ነው፣ ተማሪው ሁሉ ዞሮ ያያታል። ያየችውን ለማንም አትናገርም። ማታ እትዬ አልማዝ ጠፉ የሚል ወሬ ሰፈሩን ያዳርሰዋል።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ የሚጽፉ ወጣቶች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። አብዛኞቹ ግን የሚወድቁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ልጅቷ ከልክ በላይ ታያለች። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የወንጀለኛውን ፊት አየችው እንበል። የቀሩት 20 ምዕራፎች ታዲያ ምን ሊሠሩ ነው? ጸሐፊው ራእዩን ድንገት ያቆመዋል፣ ወይም ልጅቷ ያለ ምክንያት ዝም ትላለች። አንባቢ ይህን ወዲያው ያውቃል።

ስለዚህ ከስሟም ከሰፈሯም በፊት አንድ ነገር ምረጡ። ምን ዓይነት ራእይ ነው የሚታያት? ምን ምን አይታያትም? እኔ ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥብኛል።

ነገሩ አዲስ ክርክር አይደለም። በ1929 እ.ኤ.አ. ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ለመርማሪ ልብወለድ 10 ሕጎች ጽፎ ነበር። ኖክስ ራሱም የወንጀል ታሪክ ጸሐፊ ነው። ሁለተኛው ሕጉ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይልን ገና ከበሩ ይመልሳል። በ1930 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የመርማሪ ልብወለድ ጸሐፊዎች ክበብም አባላቱን ያስምል ነበር። መርማሪዎቻቸው ምስጢሩን በመለኮታዊ መገለጥ ወይም በአጋጣሚ እንዳይፈቱት ቃል ይገቡ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንባቢው ከመርማሪው ጋር እኩል ፍንጭ ይዞ መሮጥ አለበት። መርማሪው ከሰማይ መልስ ከመጣለት ውድድሩ አለቀ።

እኛ ይህን ሕግ መጣሳችን ነው። መጣሱን እደግፋለሁ። ግን ሕጉ የሚጠብቀውን ነገር ጠብቀን እንጣሰው። ልጅቷ ያየችው ሁሉ ለአንባቢው ይድረስ። ትርጉሙን ደግሞ ሁለቱም በየራሳቸው ይፈልጉት። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኳቸው በዚህ ነው።

ያለፈውን ማየት

ልጅቷ አንድ ዕቃ ስትነካ ዕቃው ያሳለፈው ነገር ይታያታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጽፍ ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ገደቡ በራሱ ስለሚመጣ ነው። ዕቃው ከሌለ ራእይ የለም። ስለዚህ ልጅቷ ዕቃው ያለበት ቤት መግባት አለባት፣ ለመግባትም ሰበብ ያስፈልጋታል።

እዚህ ላይ የእኛ ኑሮ ለጸሐፊ የሚሰጠው ትልቅ ስጦታ አለ። ለቅሶ ቤት። የ16 ዓመት ልጅ ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም አያስተውላትም። ንፍሮ ታቀርባለች፣ ቡና ታዞራለች፣ ስኒ ታጥባለች። ጓዳ ብትገባ፣ መኝታ ቤት ብትገባ፣ «ጋቢ አምጪ ተብዬ ነው» ማለት ብቻ ይበቃታል። ሀብታሙም ደሃውም፣ የሞተው ሰው ወዳጅም ጠላትም እዚያው ድንኳን ሥር ነው የሚቀመጠው። አንድ መርማሪ ፖሊስ በሦስት ቀን የማያገኘውን ልጅቷ ስኒ እየሰበሰበች ታገኘዋለች። የእያንዳንዱ ተጠርጣሪ ስኒ እጇ ላይ ነዋ!

ድክመቱ ፍርሃት ማነሱ ነው። የሆነው ሆኗል፣ ማንም አይቀይረውም። አንባቢውን የሚያንጠለጥለው ነገር ከሌላ በኩል መምጣት አለበት። ለምሳሌ አንዱ ለቀስተኛ ስኒ ስትነካ ፊቷ መለዋወጡን ካየ በቂ ነው። ለአጭር ልብወለድ ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላገኘሁም። አንድ ቤት፣ አንድ ቀን፣ ሦስት ስኒ።

የወደፊቱን ማየት

ልብ በማንጠልጠል የሚደርስበት የለም። አደገኛነቱም የዚያኑ ያህል ነው። ያየችው ነገር መቅረት ከቻለ ራእዩ እውነት አልነበረም ማለት ነው። መቅረት ካልቻለ ደግሞ መሯሯጧ ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ የጀመሩ ረቂቆች መሐል ላይ ሲንገዳገዱ አይቻለሁ።

እኔ የማውቀው አስተማማኝ መውጫ አንድ ነው። የታያት ምስል እውነት ይሁን፣ የሰጠችው ትርጉም ግን ይሳሳት። ምስሉ ደግሞ ከቤታችን ይምጣ። ልጅቷ እናቷን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ አየቻት እንበል። ጥለቱ ከእግር በኩል መሆኑ ቀርቶ ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ወጥቷል። ይህ የሐዘን አለባበስ መሆኑን አማርኛ አንባቢ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ገና ሳይነገረው ሆዱ ይሸበራል። ልጅቷ አባቴ ሊሞት ነው ብላ ታስባለች። አባቷን ከቤት እንዳይወጣ ትለምነዋለች፣ ቁልፍ ትደብቃለች፣ ሥራ ታስቀረዋለች። በሦስተኛው ቀን እናቷ ልክ ባየችው መንገድ ለብሳ ትወጣለች፤ የምትሄደው ግን የእትዬ አልማዝ ለቅሶ ላይ ነው። አባቷ ቤት የዋለው በእሷ ልመና ነው። እትዬ አልማዝን በየማለዳው ሥራ ቦታ የሚያደርሳቸው ደግሞ እሱ ነበር። ያን ቀን ብቻቸውን ወጡ።

ራእዩ አልዋሸም። ያሳሳታት ፍርሃቷ ነው። አንባቢው ወደኋላ ተመልሶ ቢያነብ ሁሉም ቦታው ላይ ይገኛል።

ሌላም የራሳችን መሣሪያ አለ፣ ሰዓት። ልጅቷ በራእይ የግድግዳ ሰዓት አየች፤ አጭሩ ዘንግ 3 ላይ ነው። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ነው ትላለች። ሰዓቱ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር የተሞላ ከሆነ የሚያሳየው 9 ሰዓትን ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰዓት ብታዩ አይገርማችሁም። «በ3 ሰዓት ሥራ ቦታዬ ነበርኩ» ያለው ሰው እውነቱን ነው፤ ወንጀሉ ግን የተፈጸመው በ9 ሰዓት ነው። ይህን ፍንጭ ቀደም ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣሉት። ያ ሰው ሞባይሉን አይቶ የቀጠሮ ሰዓት ሲሳሳት አንድ ጊዜ አሳዩን፣ ከዚያ እለፉት።

በሌላ ሰው ዓይን ማየት

አሁን ወደምወደው ደረስኩ። እዚህ ትንሽ እንቆይ፤ ይህ አማራጭ የአማርኛን የራሱን ችግር ይፈታል።

ችግሩ ይኸውላችሁ። በአማርኛ ግሥ ጾታ ይናገራል። «ገባ» ስትሉ ወንድ ነው። «ገባች» ስትሉ ሴት ናት። ምስጢራዊ ታሪክ ውስጥ ይህች አንዲት ፊደል የተጠርጣሪዎቹን ግማሽ ታስወጣለች። ባለቤትነትም ያጋልጣል፤ «እጁ» እና «እጇ» አንድ አይደሉም። «ገዳዩ» ብሎ መጥራትም ያው ነው። በእንግሊዝኛ ያነበቡትን ዓይነት ታሪክ በአማርኛ ሊጽፉ የሚነሡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጋጩት ከዚህ ጋር ነው። ብዙዎቹም ሳያውቁት ሦስተኛው ገጽ ላይ ምስጢሩን ራሳቸው ያወጡታል።

መውጫዎች አሉ። አንደኛው ሰውየውን ትቶ ዕቃውን ማናገር ነው። በሩ ተከፈተ። አንድ እጅ መብራቱን አጠፋው። ወለሉ ጮኸ። ለአንድ አንቀጽ ያምራል። ለሁለት ገጽ ከቀጠለ ግን አንባቢው መደበቃችሁን ያውቅና ይሰለቻል።

ሁለተኛው የአክብሮት አነጋገር ነው። «ገቡ» ጾታን ይሸፍናል። በዚያ ላይ አንድ የተከበረ ሰው ይሁን ብዙ ሰዎች አይለይም። ልጅቷ ከግድግዳ ወዲያ «መጡ እኮ!» የሚል ሹክሹክታ ብትሰማ፣ የመጣው አንድ ትልቅ ሰው ነው ወይስ ሦስት ጎረምሶች? በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ መገንባት ይቻላል።

ሦስተኛው በሌላ ሰው ዓይን ማየት ነው፤ እኔ ይህን አስበልጣለሁ። ልጅቷ ራእዩ ሲመጣባት በወንጀለኛው ዓይን ታያለች፣ ታሪኩንም በ«እኔ» ትነግረናለች። «ገባሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ምድጃው ጠፍቷል።» በአማርኛ «እኔ» ጾታ የለውም። ሳትጨነቁ፣ ሳትደብቁ፣ ቋንቋው ራሱ ይሸፍንላችኋል። ሌላም ጥቅም አለው። ልጅቷም ወንጀለኛውም «እኔ» ናቸው። ያየችው ራእይ ነው ወይስ የራሷ ትዝታ? ልጅቷ ራሷን መጠርጠር ትጀምራለች። አንባቢውም አብሯት ይጠረጥራታል። ለማንም የማትናገርበት ምክንያትም በዚያው ተገኘ። ብትናገርስ ማን ያምናታል? እሷም ራሷን አላመነችም።

ጠንቀቅ የሚያስፈልገው ሰው ሲያናግራት ነው። እትዬ አልማዝ «አንተ! ምን ፈለግህ?» ካሉ ሁሉም ነገር አለቀ። ግን እንዲህ ቢሉስ?

«ምነው በዚህ ሰዓት? በደኅና ነው? ይግቡ እንጂ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብላችሁ እዩት። ጾታ የለውም። የመጣው አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ቢሆኑ «ግቡ» ይሉ ነበር። ያውቋቸዋል፣ እንግዳ ቢሆኑ ኖሮ መጀመሪያ «ማን ልበል?» ነበር የሚሉት። ከሁሉ በላይ፣ እትዬ አልማዝ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። እሳቸው አንቱ የሚሉት ሰው በሰፈሩ ውስጥ ስንት ነው? ፖሊስ ይዞት ያለው የታክሲ ረዳት የ19 ዓመት ልጅ ነው። ለእሱ «ግባ» ነበር የሚሉት። ልጁ ነፃ ነው።

ልጅቷ ይህን ሁሉ የምትሰማው ምዕራፍ 3 ላይ ነው። አንባቢውም ይሰማዋል። ማናቸውም አያስተውሉትም፤ እንዲህ ያለ ንግግር በየቀኑ ስለምንሰማው ጆሯችን ያልፈዋል። ምዕራፍ 15 ላይ በራቸው ይንኳኳል። እናቷ ከፍታ የእድሩን ዳኛ ታያለች። «ይግቡ እንጂ» ትላለች። ልጅቷ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ይወድቃል።

እንዲህ ያለ ፍንጭ ከሌላ ቋንቋ ተውሰን የምናገኘው አይደለም። በየሳምንቱ በቴሌግራም በክፍል በክፍል ለምትጽፉ ይህን አማራጭ ውሰዱ። እያንዳንዱ ክፍል በአንድ አጭር የ«እኔ» ራእይ ሊያልቅ ይችላል። ብቻ መስታወት አታሳዩ፤ ወንጀለኛውን ያጋልጠዋል።

ሕልም

ሕልም ቀላል ይመስላል። አንባቢያችንም ለምዶታል፤ ጠዋት ቡና ላይ ሕልም የማይፈታበት ቤት ጥቂት ነው። «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚለው አባባልም ለምስጢር ታሪክ የተዘጋጀ ይመስላል። ነገር ግን ሕልም ውስጥ ሁሉም ነገር ስለሚቻል አንባቢው ፍንጩን እንደ ፍንጭ አይቆጥረውም። በዚያ ላይ ልጅቷ ለማየት መተኛት አለባት፤ ታሪኩ በየጊዜው ይቆማል። ዋና መንገድ አታድርጉት። አያቷ ሕልም ፈቺ ከሆኑና ልጅቷ ራእዮቿን «ሕልም አየሁ» እያለች የምታስፈታቸው ከሆነ ግን ግሩም ነው። ምስጢሯን ሳታወጣ ትርጉም ታገኛለች ማለት ነው።

ምስጢሩን ማን ይወቅ?

ሁለት የቆዩ ታሪኮችን ላነጻጽር። ዘፍጥረት 37 ላይ ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ስለ ነዶዎቹ ያለመውን ለወንድሞቹ ነገራቸው። ስለ ፀሐይ፣ ስለ ጨረቃና ስለ 11 ከዋክብት ያለመውንም ነገራቸው። ጠሉት፣ ሸጡት። በቁርኣን ደግሞ አባቱ ያዕቆብ ራእይህን ለወንድሞችህ አትንገር ብሎ አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋል። ሁለተኛው ሳሙኤል ነው። 1ኛ ሳሙኤል 3 ላይ ብላቴናው ሌሊት የሰማው ነገር ስለ ዔሊ ቤት ጥፋት ነው፣ አሳዳጊው ደግሞ ራሱ ዔሊ ነው። ሲነጋ የቤቱን ደጅ ከፈተ፣ ራእዩን ለመንገር ግን ፈራ።

ለልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሳሙኤል ይበልጥብኛል። ዮሴፍ ተናገረ፣ መከራው ከውጭ መጣ። ሳሙኤል ግን ያየውን ነገር የሚወደው ሰው ላይ ተሸክሞ አደረ። ልጅቷም እንዲህ ብትሆን ይሻላል። ዝም የምትለው ሰው ይስቅብኛል ብላ ከሆነ ምክንያቱ ቀጭን ነው። የምታየው ነገር ከራሷ ቤት አንዱን የሚነካ ከሆነ ግን ዝምታዋን እናምነዋለን።

በእኛ አገር ሌላም እውነተኛ ምክንያት አለ። ቡዳ በላት፣ ዛር አለባት፣ ዓይነ ጥላ ነው ይባላል። ትምህርቷን አቁማ ጸበል ትወሰዳለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና የደረሰባት ልጅ ይህን ፈርታ ዝም ብትል ማን ይፈርድባታል? ቤተሰቡን ግን ጨካኝ አድርጋችሁ አትሣሉት። ጸበል የሚወስዷት ስለሚወዷት ነው፤ ይህን ስትጽፉት ታሪኩ ይከብዳል።

ምስጢሩን አንድ ሰው ይወቅ እላለሁ፣ ታናሽ ወንድሟ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል። የ10 ዓመት ልጅ ያምናታል፣ ይጠይቃታል፣ አፉ ግን አያስተማምንም። ምስጢር ያወቀው ሰው ራሱ ወንጀለኛ ሆኖ የሚገኝበትን አጨራረስ ብዙዎች ይመርጡታል። እኔ አልመርጠውም፤ አንባቢ ገና ከሩቅ ያየዋል።

ራእዩ በሽታ ይሁን ስጦታ ሳይለይ እንዲቆይ የምትፈልጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ሕመሙ ከመነሣቱ በፊት ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ የሚል ስሜት ይመጣባቸዋል፣ የሌለ ሽታ ይሸታቸዋል፣ ከሆዳቸው ፍርሃት ይነሣባቸዋል። ለጸሐፊ የሚፈትን ነገር ነው። እባካችሁ ግን ልጅቷ ክኒኗን ስትጥል ኃይሏ የሚመለስበት ትዕይንት አትጻፉ። ያን ገጽ የምታነብ፣ እውነተኛ መድኃኒት የምትወስድ ልጅ አለች።

ከታሪካችን የወጣ ሌላ አማራጭ

የጥንት ዘመን ታሪክ መጻፍ ለምትወዱ ሌባ ሻይን አስቡት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይሠራበት ነበር፤ በኋላ በመንግሥት ታግዶ ቀረ። ዕቃ ሲሰረቅ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ይስታል። ወገቡ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ጫፍ ሰው ይዞ ይከተለዋል። ልጁ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዴም እየዳኸ ከቤት ቤት ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ የጠፋውንም ይከፍላል።

ይህን ካለፉት ጋር ሳነጻጽረው የሚለየው፣ ማየቱ ምስጢር አለመሆኑ ነው። መንደሩ ሁሉ ከኋላው ይከተለዋል። ስለዚህ ምስጢሩን ሌላ ቦታ ማኖር አለባችሁ። ሁለት መንገድ ይታየኛል። በአንደኛው ልጁ ምንም አይታየውም፣ ሲደክመው ነው የሚወድቀው፣ ይህንንም ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። በሁለተኛው ደግሞ በእርግጥ ይታየዋል፤ ግን የሚታየው ጨርቁን የያዘው ሰው ቤት ነው። ወደዚያ መታጠፍ በፈለገ ቁጥር ጨርቁ ይስበዋል።

ሁለተኛውን ነው የምመርጠው። ሰዉ ሁሉ የሚያየው ልጁ የወደቀበትን ደጃፍ ነው። ጨርቁ መወጠሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ አንደኛው ገና 14 ዓመቱ ነው። የተከሰሰችው ደግሞ ጠላ ሻጯ ናት፤ ትናንት ሲርበው እንጀራ የሰጠችው። ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ምዕራፍ 1 እዚያ ላይ ይጀምር።